የስምንተኛዋ ካሴት ግዝት

ግዝት ገመድ የለውም፣ ሰንሰለትም የለውም። ግን እኔና የአክስቴ ልጅ ከጥምቀት ማግስት እስከ መስቀል ማግስት ታስረንበታል። ያውም በገዛ ቤታችን፣ ጌማችን ፊት ለፊታችን ተቀምጦ እያየነው።

ከሥሩ ልጀምር። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከኮንና ከወገል ጤና እህል እየጫነ ወልድያ ያራግፋል። እኛ ጋ ላሊበላ ሲመጣ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን አመጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ወገል ጤና ከተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ የገዛውን አሮጌ ጌም ከነካርቶኑ አመጣልን። ከቴሌቪዥኑ ጋር በሽቦ የሚገናኝ፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ ካሴት እየተሰካበት የሚጫወቱት ነው። ካሴት ስል የመዝሙር ካሴት እንዳይመስላችሁ። መዳፍ የሚያህል ቢጫ ፕላስቲክ ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ጨዋታ አለ። በአንዱ ታንክ ታንክን ያሳድዳል፣ በአንዱ ዳክዬ ይተኮሳል፣ በአንዱ ሞተር ብስክሌት ጭቃ ላይ ይዘላል።

ያን ጊዜ እንኳ ያረጀ ዕቃ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጌም ቤት ሲዲ የሚጎርስ አዲስ ጌም አስገብቷል። ግን እዚያ ሴት ልጅ አትገባም። ማንም አልከለከለም፣ ግን አትገባም። ስለዚህ ለእኛ የዓለም ጌም ሁሉ ያ ካርቶን ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ካሴቶቹ የሚቀመጡባቸው ስምንት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። በሰባቱ ካሴት አለ። ስምንተኛው ባዶ ነው፤ አጎቴ ሲገዛውም ባዶ ነበር። ክዳኑ ላይ የስምንቱም ሥዕል በተርታ ታትሟል። የስምንተኛዋን ግን ውሃ ነክቶታል፣ ኮፍያ ያደረገ ትንሽ ሰውዬና ከፊቱ የተደቀነ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየው። በጊዜው ያቺ አንዷ ብትኖርም ባትኖርም ግድ አልነበረንም።

የአክስቴ ልጅ እኛ ጋ የመጣችው ከኮን ነው፣ ለትምህርት። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ያቺን አንድ ዓመት ሳታስታውሰኝ የዋለችበት ቀን የለም።

የተጣላነው በጥምቀት ማግስት፣ እናቴ ዝክር በምታወጣበት ቀን ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እኛ ጓዳ ሆነን ተራው የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ስንባባል እኔ አራት ካሴት ቀሚሴ ውስጥ ከተትሁ፣ እሷ ሦስት። ከዚያ እኔ የእሷን፣ እሷ የእኔን ለማስጣል ስንጓተት መጋረጃውን ይዘን ወድቀን፣ እየተንከባለልን እንግዶቹ መሀል ገባን።

የንስሐ አባታችን እዚያ ተቀምጠው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ እኛ ቤት የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው።

«ምንድን ነው የሚያጣላችሁ?» አሉን።

ከኛ ቀድማ እናቴ መለሰች። «አባታችን፣ ይሄ ጌም የሚሉት ከገባ ወዲህ ቤቴ ሰላም የለውም።»

«እስኪ አምጡልኝ።»

ካርቶኑ መጣ። ስምንቱም ጎድጓዳ ባዶውን አፍጥጧል፤ ሰባቱ ካሴት ያለው እኛ ቀሚስ ውስጥ ነው። አባታችን መስቀላቸውን አነሡ። «ይህ ሳጥን ሞልቶ እስካላየሁ ድረስ አንዳችሁም ጌሙን እንዳትነኩ ገዝቻለሁ።»

እንግዳው ሁሉ ፍርዱን አደነቀ። የደበቃችሁትን መልሱ ማለታቸው ነበር፣ ያ ለማንም ግልጽ ነው። እኛም መለስን፣ እሷ ሦስቱን፣ እኔ አራቱን። ስጨርስ ነው ያየሁት። ስምንተኛዋ ጎድጓዳ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ናት።

«አባታችን፣ አንዷ እኮ...»

«ውሃ አምጪ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ» አለች እናቴ።

ውሃ ይዤ ስመለስ ማዕዱን እየባረኩ ነበር። በባራኪ ካህን ላይ ማን ይናገራል? ከበሉ በኋላ ደግሞ አፌን ልከፍት ስል፣ «ጫማቸውን ከደጅ አቅርቢ» ተባልሁ። አቀረብሁ። አድርገው ሄዱ።

እንዲህ ሆነን ታሰርን።

እናቴን፣ «ሄደሽ ንገሪልን፣ ድሮም ሰባት ነው በያቸው» ብለን ለመንናት።

«ለጨዋታ ብዬ ካህን ላስቸግር? ቃላቸው ቃል ነው» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሏታል። ቤቷ ጸጥ አለላት። ጌሙን በነጭ ዳንቴል ሸፍና ልክ እንደ ጌጥ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችው።

አባቴ መሪጌታ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ተማሪ ያስተምራል። እሱን ብንጠይቀው ሳቀብን። «እኔ ቄስ አይደለሁም። ብሆንም ሌላው ያሰረውን ገብቼ አልፈታም። ሙሉት።»

ሙሉት አለ። በምን?

መጀመሪያ የሞላችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቢጫ የልብስ ሳሙና በቢላዋ ጠርባ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ ስምንተኛዋ ጎድጓዳ ውስጥ ስትከተው ልክ ሆነ። የነካችውም ሳሙናውን እንጂ ጌሙን አልነበረም።

«ሞላ» አለች።

«ሳሙና ነው።»

«ሞልቶ እስካላየሁ ነው ያሉት። በምን እንደሚሞላ አልተናገሩም።»

«ታዲያ አንቺ ንኪው።»

እጇን ወደ ዳንቴሉ ዘረጋች። መሀል ላይ ቆመ። ግዝት የጣሰ ሰው እጁ ይደርቃል ሲባል ሁለታችንም ሰምተናል። «አንቺ ታናሽ ነሽ፣ አንቺ ጀምሪ» አለችኝ። ያን ቀን ብቻ ታናሽነቴ ቅድሚያ አሰጠኝ። እኔም እንቢ አልሁ። እናቴ ሳሙናውን አይታ፣ አንሥታ ልብስ አጠበችበት።

ቅዳሜ ገበያ ወረድን። ከወልድያ አሮጌ ራዲዮና ሪሞት የሚያመጣ ነጋዴ አለ። የሚፈልጉት ሞልቶታል፣ ግን ካሴቶቹ የሌላ ጌም ናቸው፣ ረጃጅም። የኛን በእጃችን እያሳየን ስንነግረው ሳቀ። «እህቶቼ፣ ያ እኮ ጥንታዊ ነው። ለፈረንጆቹ አስጎብኙት፣ አገራችሁ እንደሆነ የለመደ ነው።»

ስምንተኛዋ ያለችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ጌሙ ከመጣበት ቤት። አጎቴ ሲመጣ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልንበት።

«ጋሼ፣ ወገል ጤና ያ ሰውዬ ጋ ሂድልን።»

«ለአንድ ካሴት?»

«ለሳጥኑ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ። «ለካሴቱማ ብሎ ማን ይጠይቅሃል።»

እሺ ብሎ ሄደ። እንደሄደ ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ መኪናውም ወዲያ ማዶ ቀረ።

ያ ክረምት እንዴት ይነገራል? ትምህርት ዝግ ነው፣ ውጭው ጉም ነው፣ መብራት ሲጠፋ ዳንቴሉ እንኳ አይታይም። መብራት በመጣ ቁጥር እኔ ጌሙን አያለሁ፣ እሷ ጌሙን ታያለች፣ እናቴ እኛን ታያለች። በየጊዜው ካርቶኑን አውርደን ክዳኑ ላይ እናፈጣለን፤ ካርቶኑም ተገዝቶ ይሁን አይሁን አንድ ቀን ሙሉ ተከራክረን፣ ክዳኑን ማየት መንካት አይደለም ብለን ተስማማን።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መደቡ ላይ ተጋድማ፣ «ሰውዬው ፊት ያለው ጥቁር ነገር ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ዋሻ ነው።»

«የት ያለ ዋሻ?»

«እኛው አገር ያለው።»

ላሊበላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በዓለቱ ሆድ ውስጥ የሚያሻግር ጨለማ መንገድ አለ። መብራት አይያዝበትም፤ ቀኝ እጅ ግድግዳውን እየዳበሰ ነው የሚታለፈው።

«ታዲያ አጫውችኝ» አለች። ሁለት አውራ ጣቶቿን እጀታ እንደያዘ ሰው አነሣች። «ዝላይ።»

«ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ግንባርሽን ተመታሽ፣ አንድ ነፍስ ሄደብሽ።»

«ገና ሳልገባ? ለምን ጎንበስ በይ አላልሽኝም?»

«ጌም አይናገርም።»

እንዲህ ጀመርን። እሷ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁሚ፣ ጎንበስ ትላለች፤ እኔ የደረሰባትን እነግራታለሁ። በኔ ጨዋታ ውስጥ የሚገደል የለም። ከፊት ለፊት በጨለማ የሚመጡት ተሳላሚዎች ናቸው። መንገዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያልለቀቀላቸው ነፍስ ይቀነስበታል። አንዲት በትር የያዙ እናት አሉ፣ ቀስ ነው የሚሄዱት፣ የአክስቴ ልጅን ስንት ጊዜ እንዳበሳጯት። «ገፍቼ አልፋለሁ» ትላለች። «እንግዲያው ሞትሽ» እላታለሁ።

ወጥታ ግን አታውቅም። በጨረሰች ቁጥር አንድ መታጠፊያ እጨምርባታለሁ።

«መውጫ የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«የት?»

አላውቅም ነበር። መውጫው ቢገኝ ደግሞ ቀሪውን ክረምት ምን ልናደርግ ነው?

አጎቴ የመጣው ለመስቀል ነው። ከኪሱ ቢጫ ካሴት አወጣ፣ ራሷን፣ ስምንተኛዋን። ወረቀቷ ተልጧል። የአክስቴ ልጅ ተቀብላ ነቀነቀቻት። ቀለለቻት። ከሥር ስታያት ውስጧ ባዶ ነው፤ የሰውዬው ልጆች አንጀቷን አውጥተው ለመጫወቻ መኪና አርገውታል።

«ሬሳ ነች» አለች።

«ቢሆንም የራሷ ሬሳ ነች» አልሁ። «ሳሙና አይደለችም።»

ከተትናት። ሳጥኑ ሞላ፣ ወይም አልሞላም። አጎቴ ስንከራከር አይቶ እናቴን፣ «ነገ ሳልሄድ ነአኩቶ ለአብ ላድርሳችሁ። ካህኑ ይፍረዱ» አላት። ለኛ እንቢ እንዳለችው ለወንድሟ እንቢ ማለት አልቻለችም።

አባታችንን ያገኘናቸው ዋሻው ደጃፍ ላይ፣ ጸበሉ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ከሚልበት አጠገብ ነው። መስቀል ተሳለምን። ካርቶኑን ዘረጋሁላቸው። ስምንተኛዋን አነሡ፣ ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁ።

«ይህቺ ምን ነበረች?»

እናቴን አየኋት። ውሃ የሚቀዳበት ሰበብ አልነበረም፤ ጸበሉ እዚያው ነው። አፌን ከፈትሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ኮፍያ ያለውን ሰውዬ፣ ዝቅ ያለውን ጣሪያ፣ ባለ በትሯን እናት። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ከዚያስ?» ይሉኛል። የከተማውን ጨለማ መንገድ አውቀውታል፤ አንዱ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ራሳቸውም ጎንበስ አሉ። የአክስቴ ልጅ አውራ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች።

«መጨረሻው ምንድን ነው?» አሉ።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «መጨረሻው ላይ በር አለ አባታችን፣ ተቆልፏል። ዘበኛው ውስጥ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ነው ቆልፎ የሄደው።»

«አልጠራውም?»

«ጠርቶት ነበር። አልተሰማም።»

አባታችን ካርቶኑን አዩ። ጣታቸውን ስምንተኛዋ ጎድጓዳ ላይ አደረጉ። «ይህቺ ያን ጊዜም ባዶ ነበረች?»

«ነበረች አባታችን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልትነግርዎ ስትል ውሃ አምጪ ተብላ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ።

ሁላችንም እናቴን አየናት። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እንደገና አስተካከለችው። አጎቴ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ጸበሉ ዞረ።

«ክረምቱን ሙሉ?» አሉ አባታችን ቀስ ብለው። መስቀላቸውን አወጡ። «እኔ በጎደለ ላይ ገዝቼ ኖሯል። እግዚአብሔር ይፍታችሁ።» ግንባራችንን ነኩን። ከዚያ ወደ እናቴ፣ «አንቺ ቆዪ፣ ለብቻችን እንነጋገራለን።»

ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችንም። ቤት ስትደርስ ግን ዳንቴሉን ራሷ አነሣችው፣ አቧራውን እፍ አለች፣ ሽቦውን ራሷ ሰካች።

ታንኩን ከተትን። መብራትም ነበር፣ ምንም አልጎደለም። የአክስቴ ልጅ የቀኙን እጀታ ያዘች። የቀኙ የመጀመሪያ ተጫዋች ነው።

«ተራው የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የተናገርሁት» አልኋት።

«እኔ ነኝ ታላቅ።»

ያዝሁት። ጎተተች። ጎተትሁ።

«አባታችንን ልጥራ?» አለች እናቴ።

ሁለታችንም እኩል ለቀቅን።