ዘበኛው የሚሥሉት ሰውዬ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ የተዘጋ ሰሞን፣ ሰበታ ላይ ታክሲ አጥቼ አንድ የተቃጠለ ፋብሪካ በር ላይ ጥላ ሥር ቆምኩ። ሠራተኛው ሁሉ ተበትኗል፤ የቀሩት ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ናቸው። በዚያ ፀሐይ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የካርቶን ቁራጭ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች አስምረው በእርሳስ ይሥላሉ። በየሣጥኑ ያው አንድ ሰውዬ አለ፤ በር ይከፍታል፣ ምሳ ለሁለት ያቀርባል፣ ብቻውን ይበላል። ከአፉ አጠገብ ንግግር የሚጻፍበት ክብ አለ፤ ቃል ግን የለበትም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ!» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና፣ «ለልጆች ነው የሚሥሉት?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የትልቅ ሰው ነው። ልጅ ይኼ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«ማንን ያናግር?» አሉ። ከዚያ እርሳሱን ዘረጉልኝ። «ሌላ ሰው ልሥል ስል እጄ እምቢ ይለኛል። እስቲ አንቺ ጨምሪበት።»

ሥዕል አልችልም። ቢሆንም እግሯ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ አንዲት ሴት ሥዬ ከሰውዬው ፊት አቆምኳት። አጎንብሰው ብዙ አዩዋት።

«ቆማ ልትቀር ነው እንዴ?» አሉና እርሳሱን ተቀብለው በርጩማ ሣሉላት።