የአባቴ ቅቤ በዛንዚባር

ከሶዶ የተነሣሁት ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ነው። ለርዕሰ መምህራችን ለዕረፍት ዛንዚባር እንደምሄድ ስነግረው ከመነጽሩ በላይ አየኝና፣ «የባዮሎጂ መምህር በየትኛው ደመወዙ ነው ደሴት ላይ የሚዝናናው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ታናሽ እህቴ ታደለችና ታንዛኒያዊው ባሏ ጆሴፍ እዚያ አንድ ትልቅ የባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ። ሆቴሉ እንግዳ ሳይበዛበት የሠራተኛ ዘመድ አራት ሌሊት በነፃ ያሳድራል። የአውሮፕላን ቲኬቱን ደግሞ እነሱ ላኩልኝ።

ለርዕሰ መምህሩ ያልነገርኩት ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። ታደለችና ጆሴፍ የተዋወቁት ዱባይ ሲሠሩ ነው። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሽማግሌ አልተላከም፤ አባታችንም አልተጠየቀም። ሠርጉን የሰማው ካለፈ በኋላ፣ በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሊሰማ አልፈለገም። እሷ ስትደውል ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል።

ልሰናበተው ወደ መንደራችን ጉኑኖ ስሄድ ግን ከጓዳ አንድ ጥቅል ይዞ ወጣ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ነው።

«አፍህን ዘግተህ ዓይንህን ክፈት» አለኝ። «ልጄ ተከብራ የምትኖር ከሆነ ይህን የሰውየው ራስ ላይ አድርግለት። ካልሆነ መልሰህ አምጣልኝ። እሷ ስለ ቅቤው እንዳትሰማ። ካወቀች ቤቷን አሰማምራ ነው የምታሳይህ።»

እኛ ቤት ሙሽራ ራሱን ቅቤ ሲቀባ የሙሽሪት ቤት ልጅ ሆነ ማለት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ጆሴፍ ለአባቴ ልጁን ይዞበት የሄደ ሰው እንጂ አማቹ አልነበረም። እንግዲህ ያ ሁሉ ፍርድ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ተጓዘ።

ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ

አውቶቡሳችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። አረካ ላይ ቆመን አቮካዶ ገዛን፤ ሦስቱ በሁለት ብር። ከጎኔ የተቀመጡት ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የስልጤ አዛውንት ነበሩ። ሆሳዕና ሳንደርስ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«መምህር፣ ቅቤ ይዘሃል አይደል?»

«ይዣለሁ።»

«አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ነው?»

«አይ፣ ዛንዚባር ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «የወላይታ ሰው ባሕር ቢሻገርም ቅቤውን አይተውም! ስማኝ ልጄ፣ ወደ ሙቀት አገር ከሆነ ኮባ አያዘልቅህም። ክዳን ያለው ዕቃ ግዛለት።»

ምክራቸው ልክ ነበር። እኔ ግን አባቴ የጠቀለለውን መፍታት አልሆነልኝም። እንዲህ ያለ ግትርነት ከእሱ የወረስኩት ነው።

የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿም ጥቅሉን በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ «ይሄ ለምግብ ነው?» አለችኝ። ለፀጉር ነው ስላት የእኔን አጭር ፀጉር አየችና አሳለፈችኝ።

ውኃው ላይ

ዳሬሰላም ስወርድ ሙቀቱ ፊቴ ላይ እርጥብ ፎጣ የጣለብኝ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ዛንዚባር የሚወስደው ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አባያን ከሩቅ እያየ ላደገ ሰው ዳርቻው የማይታይ ውኃ ያስፈራል። ግማሹን መንገድ ማስታወሻ ስጽፍ፣ ግማሹን ደግሞ መርከበኛው በሰጠኝ ከረጢት ላይ አጎንብሼ አሳለፍኩ።

ታደለች ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። «ታ ኢሻ! ወንድሜ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች። እጇን ስይዘው መዳፏ ሸካራ ሆኗል። ይህን በልቤ መዘገብኩ።

በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች አለፍን። በሮቹ ከእንጨት የተፈለፈሉ ሆነው ትልልቅ የናስ ጉጦች ተተክለውባቸዋል። አንድ ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ አስረዱኝ፤ ጉጡ ሕንድ አገር ዝሆን በር እንዳይገፋ የሚተከል ነው አሉ። እዚህ ዝሆን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም፤» አሉ፣ «ግን አንድም በር ተገፍቶ አያውቅም።» ከዚያ ዳላ ዳላ በሚሉት የሕዝብ መኪና ተጣበን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ተጓዝን።

የሆቴሉ ክፍሌ ሶዶ ካለው ቤቴ ይሰፋል። አልጋው ላይ ፎጣ ታጥፎ ዝይ ሆኗል፤ በላዩ ቀይ አበባ ተበትኗል። በሩ ጀርባ የተለጠፈውን የአንድ ሌሊት ዋጋ በብር ሳሰላው የብዙ ወር ደመወዜ ሆነብኝና መቀመጥ ፈራሁ። ላብ ላብ ያለውን ጥቅል ከትንሿ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከጠርሙሶቹ ኋላ ደበቅኩት።

ባሕሩ የት ሄደ?

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ባሕሩ የለም። ትናንት ሆቴሉ ደጃፍ ድረስ የነበረው ውኃ ሩቅ ነጭ መስመር ሆኗል። ባዶው አሸዋ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው በገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ። ለተማሪዎቼ ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር መሙላትና መጉደል ስንት ዓመት አስተማርኩ! በዓይኔ ሳየው ግን እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ኮከብ ዓሣ አየሁ፤ ባለ እሾኩን የባሕር ፍጡርም ለመርገጥ ትንሽ ቀረኝ። አንዷ ሴት እጄን ይዛ መንገድ አሳየችኝ። አረሙ ደርቆ ውጭ አገር እንደሚላክና ሳሙና እንደሚሠራበት በምልክት ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ታደለችን ፍለጋ ከሆቴሉ ጀርባ ሄድኩ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ በእንፋሎት መካከል፣ አንሶላ ታጥፋለች። እሷ እዚያ እንደምትሠራ አልነገረችኝም ነበር፤ «ሆቴል ነው የምሠራው» ብቻ ነበር የምትለው። ሌሊቱን ስንደላቀቅበት ያደርኩት አንሶላ በእህቴ እጅ የታጠበ ነው። አፈርኩ። ለነጭ አንሶላ ነው ከጉኑኖ እስከዚህ የመጣችው? ያን ምሽት ቅቤው ወደ አገሩ የሚመለስ መሰለኝ።

የጉሬዛው ከሰል

በአራተኛው ቀን ጆሴፍ እስከ ማታው ሥራ ድረስ ዕረፍት አገኘ። ረጅም ነው፤ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። የሆቴሉ ዋና ምግብ አብሳይ ነው። በየጠዋቱ «ሳሮ!» ይለኛል፤ ከወላይትኛ የሚያውቀው ሰላምታችንን ብቻ ነው፣ እሱንም ጮክ አድርጎ ነው የሚለው። ሦስታችንም ወደ ጫካው ሄድን። እዚያ ያለው ጉሬዛ የእኛ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ጀርባው ቀይ ነው፤ በዓለም ላይ ያለውም እዚህ ደሴት ብቻ ነው። አስጎብኚው አንድ የሚገርም ነገር ነገረን። ጉሬዛዎቹ ከመንደር ምድጃ ከሰል ሰርቀው ይበላሉ። የሚበሉት ቅጠል መርዝ ስላለው ከሰሉ ሆዳቸውን ያሽርላቸዋል። አንዷ ልጇን አዝላ ከሰል ስትቆረጥም ሳይ ማስታወሻ ደብተሬን ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ስንመለስ ቤታቸው ገባን። አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳው የባሕር ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ታደለች ሻይ ልታፈላ ስትነሣ ጆሴፍ የቆሸሸ ልብስ የሞላበት ባልዲ አንሥቶ ወደ መንደሩ ጉድጓድ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ልብስ ያጥባል፤ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ሴቶቹ ይሥቁበታል፣ እሱም መልሶ ይሥቅባቸዋል። የእሷን ቀሚስ ዘርግቶ ሳሙና ይቀባል።

«ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያጥበው?» አልኳት።

«ከተጋባን ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ አጥበሽ ቤትሽ ደግሞ አታጥቢም አለኝ። መጀመሪያ እኔም አፍሬ ነበር፤ ሰው ምን ይላል ብዬ። አሁን ለመድኩት።» ሻይዬን አቀረበችልኝ። «ደህና ነኝ፣ ታ ኢሻ። ሥራው ይከብዳል፤ ቤቴ ግን አይከብደኝም።»

የምፈልገውን አገኘሁ። ነገ ከመሄዴ በፊት ቅቤውን አውጥቼ ራሱ ላይ አደርግለታለሁ አልኩ።

እራት

ክፍሌ ገብቼ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ጠርሙሶቹ ሞቀው አሉ፤ ጥቅሉ የለም፣ የተንጠባጠበ ቅባት ብቻ ቀርቷል። ለካ የበሩን ካርድ ከግድግዳው ነቅዬ በወጣሁ ቁጥር መብራቱም ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋ ኖሯል። ይህን የሚያውቅ የሶዶ መምህር ስንት አለ? ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ ወደ እራት ወረድኩ። ታደለችም ያን ምሽት በእንግድነት ከእኔ ጋር ልትቀመጥ ተፈቅዶላታል።

ጆሴፍ ነጭ ቆቡን አድርጎ የዓሣውን ሳህን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ከዓሣው በፊት ሽታው ደረሰ። ጎረስኩ፤ ይጣፍጣል። ሁለተኛውን ጎርሼ ሳላላምጥ ታደለች ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይህ የቤታችን ቅቤ ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

ጆሴፍ ፊቱ በራ። «የጽዳት ሠራተኛዋ ከክፍልህ አመጣችልኝ፤ እየቀለጠ ነበር። የአባታችሁ ስጦታ መሆኑ ገባኝ። ከእሱ የደረሰኝ የመጀመሪያ ነገር ስለሆነ የማውቀውን ሁሉ አድርጌ ሠራሁት።»

እህቴ ወደ እኔ ዞራ በወላይትኛ ጠየቀችኝ። «አባዬ ለምግብ ነው የላከው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ራሱ ላይ እንዳደርግለት ነው፤ ኑሯችሁን ካየሁ በኋላ።»

«አየህ?»

«አየሁ።»

ታደለች ፊቷን በአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ሸፍና አለቀሰች። ጆሴፍ ደነገጠ። «ዓሣው ተበላሽቷል እንዴ?» እያለ ሁለታችንን ያያል። ነገሩን በእንግሊዝኛ ሳስረዳው ቆቡን በእጁ ጨብጦ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ኮባውን ይዞ ተመለሰ። በእጥፋቱ ውስጥ የእንቁላል ያህል ተርፏል። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ራሱን ዝቅ አደረገ።

ቅቤው የሚይዘው ፀጉር አላገኘም። በግንባሩና በጆሮው ፈሰሰ። በወላይትኛ መረቅኩት፤ አባቴ በሚመርቅበት ቃል። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት ነጭ አሮጊት ይህ መታሸት ስንት እንደሚያስከፍል አስተናጋጁን ጠየቁት።

ጉኑኖ

ስሄድ የፈለግኩት ባሕርና አራዊት ማየት ነበር፤ አየሁም። ሰው ግን የቱንም ያህል የሚያምር ቦታ ቢቀመጥ ኑሮው የሚታየው ከሆቴሉ ጀርባ፣ ከጉድጓዱ ዳር መሆኑን ከዚህ ጉዞ ተማርኩ። ሶዶ በገባሁ በማግሥቱ ጉኑኖ ወጣሁ።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ስለ ባሕሩ አልጠየቀኝም። «ቅቤውስ?» አለኝ።

ደብተሬ ውስጥ አጥፌ ያመጣሁትን የደረቀ ኮባ ሰጠሁት። አሸተተው። «የምን ሽታ ነው?»

«የዓሣ። አብዛኛውን በላነው፤ ሳያውቅ አበሰለው። የተረፈውን ራሱ ላይ አደረግሁለት። ግን የተላጨ ነው፤ ፈሰሰ።»

የጉድጓዱን ነገር ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ።

«በሰው ፊት ነው የሚያጥብላት?»

«በሰው ፊት።»

ኮባውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ደውልላት» አለኝ። ኔትወርኩ በሦስተኛው ሙከራ ያዘልን። ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ታደለች ከዚያ ማዶ ስታለቅስ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አታልቅሺ፣ ልጄ» አላት። «ባልሽን ፀጉሩን አሳድጎ ይምጣ በይው። የፈሰሰውን እኔው በእጄ እተካለታለሁ።»