እቴቴ ዘይነባን ያስካድኳቸው ቀለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት ስቀርብም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅሁም። ያሳደጉኝን ሴት የገዛ ዓይናቸውን እንዳያምኑ አደረግሁ። ትንሽ ነገር መስሎ ከታየህ እስከ መጨረሻው ስማኝና ፍረድ።

እናቴ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበረች። ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት ወስደው ያሳደጉኝ እቴቴ ዘይነባ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዘመዴ አይደሉም፤ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፣ በቃ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ጾም ሲገባ ለእኔ ብቻ በተለየች ትንሽ ድስት ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር። "እናትህ አደራ ብላኛለች፤ ጾምህን ካስፈታሁህ ምን እመልስላታለሁ?" ይሉኛል።

ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለች ሱቃቸው ክርና ቁልፍ ይሸጡ ነበር። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ልከው "ከዚህ ጋር የሚሄድ ክር" ሲሏቸው፣ ጨርቁን አንዴ ወደ ፀሐይ ያዞሩና ከዚያ ሁሉ ጥቅል መካከል ትክክለኛውን ይመዝዙታል። ተሳስተው አላየሁም።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ፋጡማ። አቦምሳ አክስቷ ዘንድ ሳለች ከአርሲ ልጃገረዶች ጨሌ መደርደር ተማረችና አንዲት ትንሽ የወተት ቅል አስጊጣ ለእናቷ አመጣች። በዚያው ዓመት ወባ ወሰዳት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቅሏ ወተት ሳይነካት በነጠላ ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቀረች።

በደርግ ዘመን ፊዚክስ ልማር ሶቪየት ኅብረት ተላክሁ። እዚያ ሆሎግራም የሚባል ነገር አየሁ። በሌዘር ብርሃን መስታወት ላይ የሚቀረጽ ምስል ነው፤ እንደ ፎቶግራፍ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ዘወር ብለህ ስታየው የዕቃው ጎን ይታይሃል፣ እጅህን ብትሰድ የምትነካው ይመስልሃል። ለእረፍት ስመጣ ይህን ለእቴቴ አወራሁላቸው። ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱ።

"ክሩ እያረጀ ነው፤ ቅሉንም ብል ጀምሮታል" አሉኝ። "አንተ መስታወት ውስጥ አስገባልኝ። ቀለሙ ግን እንዳይጠፋ፣ ታዴ። ይቺን ወይን ጠጇን ረድፍ አየሃት? ፋጡማ ለእሷ የሚሆን ጨሌ ግዢልኝ ብላ አሰላ ድረስ ልካኛለች።"

ደስ እያለኝ ተቀበልኳቸው። እወዳቸው ነበር። ይህን የምለው ለማስተባበል አይደለም፤ የሚወድ ሰውም እንዲህ እንደሚያደርግ እንድታውቅ ነው።

የቀለም ሆሎግራም በሦስት ሌዘር ይቀረጻል፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ። ከባዱ ምርጫው ነው። የሌዘር ብርሃን እንደ ፀሐይ የብዙ ቀለም ቅይጥ አይደለም፤ አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው ያለው። ዕቃው ያንን ሞገድ ከዋጠው መስታወቱ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። ለሰማያዊው ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አራት መቶ ሰማንያ ስምንት ናኖሜትር የሆነው ብርቱ ነው፤ ወዲያው ይጨርሳል። አራት መቶ ሃምሳ ስምንቱ ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ውጭ ትራም ካለፈ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥና ሥራው ይበላሻል። ሸበቶዋ አስተማሪዬ "ምርጫው ለዕቃው እንጂ ለእናንተ ምቾት አይደለም" ይሉን ነበር።

እኔም ሞከርኩት። ብርቱውን ሰማያዊ ቅሏ ላይ ሳበራ ወይን ጠጇ ረድፍ ጥላሸት መሰለች፤ ሰማያዊዋን ካጣች በቀዩ ብቻ ቡናማ ሆና ትቀራለች። ደካማውን ሳበራ ቦግ አለች። በዓይኔ አየሁ። እንግዲህ አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ?

በማግስቱ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጥቁር ባሕር በባቡር ልንሄድ ቀጥረን ነበር። በደካማው ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቴም ትራም አበላሸብኝ። ሦስተኛ ልሞክር ብል ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው። ብርቱውን መረጥኩ። እኔ መረጥኩ። እንዳትነቃነቅ ከብረት ጋር ያጣበቅኋትን ቅል በጥድፊያ ስነቅላት ተሰነጠቀች፤ ክሩ ተበጠሰ፤ ጨሌው ወለሉን ሞላው። እሱንም ለመልቀም ጊዜ አልነበረኝም። ጠርጌ ጣልኩት። ሄጄም አንድ ሳምንት ዋኘሁ።

በሚቀጥለው እረፍት መስታወቱን ይዤ ናዝሬት ገባሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ቅሏ መንገድ ላይ ተሰበረች ብዬ ዋሸሁ። እቴቴ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረና፣ "ዕቃ ነው፤ አንተ በደኅና ግባልኝ እንጂ" አሉ። በበሩ በሚገባው ፀሐይ መስታወቱን አቆምኩላቸው። ቅሏ ብቅ አለች። እጃቸውን ሰደዱ፤ ጣታቸውን መስታወቱ መለሰው። አለቀሱ። ከዚያ ጠጋ ብለው አዩ።

"ታዴ፣ ወይን ጠጇ የታለች?"

"የቷ?"

"ይቺ ቡናማ የሆነችው። ወይን ጠጅ ነበረች እኮ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ነበረበት "ልክ ነዎት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ብል? አፈርኩ። ከሶቪየት የመጣው ምሁር እኔ ነኛ!

"ቡናማ ነበረች፣ እቴቴ" አልኳቸው። "ሌዘር አይዋሽም። ሳጥን ውስጥ ስትቆይ ረስተዋት ነው። ዓይንዎም ደክሟል።"

"ወላሂ፣ ወይን ጠጅ ነበረች!"

"ሳይንስ ነው፣ እቴቴ።"

ጎረቤታችን ጋሽ ቦጋለ ሳቅ ብለው፣ "ተይ እንግዲህ ዘይነባ፣ የተማረው ይሻላል" አሏቸው። እቴቴ እኔንም መስታወቱንም አዩ። "እንግዲህ… አንተ ካልክ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰፊ ጨርቅ ላከ። እቴቴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ፀሐይ አዞሩት። "ታዴ፣ ይሄ ከዚህ ጋር ይሄዳል?" ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው! እኔን! ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ የክሩ መደርደሪያ ባዶ ነበር፤ ሳሙናና ክብሪት ይሸጡ ጀምረዋል። "ክር ዓይን ይፈልጋል" አሉኝ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መርምሮ ዓይናቸው ጤነኛ ነው አለ። በጋሪ ስንመለስ፣ "እንግዲያ ጭንቅላቴ ነው" አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጋሪው ቤት እስኪደርስ መናገር እችል ነበር። ስለ ፀሐዩ ሙቀት አወራሁ።

በደርግ መጨረሻ ገደማ ታመው ተኙ። ከአቦምሳ የመጣች የእህታቸው ልጅ ልትጠይቃቸው ገባች። እቴቴ መስታወቱን አስመጥተው አሳዩአት። "ይቺን ቡናማዋን አየሻት?" አሏት። "ፋጡማ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ናት። ለእሷ ብላ አሰላ ድረስ ልካኛለች።"

አልተጠራጠሩም። ጭራሽ አልተጠራጠሩም። ከልጃቸው የቀረቻቸውን ቀለም ከልባቸው አውጥቼ የእኔን ውሸት አስቀምጬበታለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግራቸውን እያሸሁ ሰማሁ፤ ማሸቴን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እንደ ልጅ ቀበርኳቸው፤ ለቀስተኛው ሁሉ "አላህ ያጽናህ" አለኝ፤ እኔም "አሜን" አልኩ።

ልጅነት ነው አልልም፤ መናገር የምችልበት ብዙ ዓመት ነበረኝ። ይቅርታ የሚያደርጉልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ብነግራቸው ደግሞ ወዲያው ይምሩኝ እንደነበር አውቃለሁ። ወይን ጠጅ ነበረች። ይህን መስማት የሚገባቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ የነገርኩት ግን ለአንተ ነው።