አንዲት የእርሳስ ነጥብ

የምሥራች አለኝ። ተገኝቷል፤ ያውም በራሷ እጅ፣ ማንም ሳይነግራት። ያገኘችው መስኮት ሥር የምትቀመጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ያገኘችው ደግሞ የገዛ ራሷን ስህተት። «ይሄም የምሥራች ሆኖ!» የሚለኝ ሰው ጎረቤቴን፣ የሒሳብ መምህሩን፣ አያውቃቸውም ማለት ነው።

መምህሩ ደብተር ሲያርሙ ኤክስ አያደርጉም። ስህተቱ ከጀመረበት ቁጥር ጎን በእርሳስ አንዲት ነጥብ ጣል አድርገው ያልፋሉ። «ልጁ ራሱ ፈልጎ ያላገኘው ስህተት የኔ እንጂ የእሱ አይደለም» ይላሉ። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ሲያርሙ ኖሩ። ተማሪዎቹም «ጋሽ ነጥቤ» አሏቸው።

ዘንድሮ ወላጆች ደብተር አይታረምም ብለው አቤት አሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ቢሮ አስጠራቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እርማት ነው ወይስ ዝንብ አርፎበት ነው?»

«አንተንም ያረምኩህ በዚሁ ነው።»

«እኔማ መልሱን አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ነበር የምጠይቀው። ይኸውልዎት፣ ነጥቧን አይቶ ያስተካከለ አንድ ልጅ ያምጡልኝ፤ እኔው እከራከርልዎታለሁ። እስከ ሐሙስ። አለዚያ የመጻሕፍት መጋዘኑን ይረከባሉ።»

የክፍሉን ስልሳ አንድ ደብተር ተሸክመው ቤት ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ቆልለው አንድ በአንድ ገለጡ። ነጥቦቹ እንደተቀመጡ ናቸው። አንዳንዱ ተማሪማ ነጥቧን በላጲስ አጥፍቶ ስህተቱን ሳይነካው ትቶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ኤክስ ብታደርግ እጅህ ይቆረጣል?» አሉ ባለቤታቸው።

«እጄስ አይቆረጥም።»

«ታዲያ?»

ደብተሮቹን መልሰው ቆለሉ። ያን ሁሉ ዓመት ለማን ሲያርሙ እንደኖሩ እሳቸውም ጠፋቸው።

ሐሙስ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ወደ መጋዘኑ የሚያዛውራቸው ደብዳቤ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ያቺ መስኮት ሥር የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስድስት መቶ አሥራ ስምንትን ለስድስት አካፍላ አሥራ ሦስት ብላ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዜሮዋን ዘልያት ነው አይደል? መቶ ሦስት ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አሥራ ሦስትን በስድስት ሳባዛው አልመጣልኝማ። ከዚያ ነጥቧ ጋ ተመልሼ አየሁ።»

ደብተሯን ተውሰው ቢሮ ሮጡ። ምክትሉ አየና አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ ደብዳቤው እኮ ወጥቷል» አለ።

ሰኞ ሌላ መምህር ይገባል፤ በቀይ ኤክስ ያደርጋል፤ ልጅቷም ትለምደዋለች። መምህሩ ይህን አሳምረው ያውቁታል። አሁን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ያወሩኝ ስለ መጋዘኑ እርጥበት ነው፤ የልጅቷን ነገር ያነሱልኝ ለማለት ያህል ነው። ለባለቤታቸው ጭራሽ አልነገሯቸውም። «ብነግራት ምን ይጠቅማታል ብለህ ነው?» አሉኝና በራቸውን ዘጉ።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ አይዝልኝም። ባለቤታቸው ልብስ ሊያሰጡ ሰገነቱ ላይ ወጥተዋል፤ ሳይወርዱ ልድረስባቸው።