ወደ ረግረጉ ያዘነበለው የገና ሜዳ

የቁሐር ሚካኤል የገና ሜዳ፣ እንደ ሜዳ ካየነው፣ የማይረባ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይጀምርና እያዘቀዘቀ ወርዶ ረግረግ ውስጥ ይገባል። መካከሉ ከብት ሲመላለስበት ጎድጉዷል፤ ጎኑ ላይ የጓያ ማሳ አለ። የላይ ቤት ጎበዛዝት ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ በዱላ እየመቱ ሽቅብ ከደጁ በላይ እስካለው ሾላ ድረስ መውሰድ አለባቸው፤ የታች ቤቶቹ ቁልቁል እስከ ቄጠማው። መሬቱ ራሱ ለታች ቤት ያደላል። እኛ የላይ ቤት ነበርን፤ ስንሸነፍ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ዛሬ የምኖርባት ድሬዳዋ በኖራ የተሰመረ ሜዳ አላት። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል ብል ግን እዋሻለሁ።

ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና በሚያፍስበት ዘመን ነው። ከገና በፊት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡን በዘመቻ አሰልፎ ከሾላው ወዲያ፣ ከወረታ በሚመጣው የመኪና መንገድ ዳር፣ አዲስ ሜዳ አስደለደለ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሜዳ ነበር። ጉቶው ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ሣሩ ታጭዶ እንደ አውድማ ለጥ ብሏል። ሊቀመንበሩም «ዘንድሮ የላይ ቤት ግቡ የአዲሱ ሜዳ በር ነው። ሩሯ ከገባች በኋላ ሁላችሁም በእኩል መሬት ትጋጠማላችሁ» ብሎ አስነገረ።

ወንድሜን ደስታ እንቅልፍ ነሳው። የላይ ቤት ምርጥ መቺ እሱ ነበር፤ አንድም ዓመት አሸንፎ አያውቅም።

«እታለም፣ የታች ቤት ዘንድሮ አለቀለት! በቀና መሬት ይምጣና ያሳየኝ!»

እኔ ውኃ ስቀዳ በዚያ አልፍ ነበርና የማኅበሩ ታጣቂዎች፣ አብዮት ጠባቂዎቹ፣ ሜዳውን በሦስት በኩል በእሾህ ሲያጥሩት አይቻለሁ።

«ወንድም ዓለም፣ የገና ሜዳ አጥር አለው?»

«ለከብት ነዋ።»

«ታዲያ በሩ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ደግሞ መኪና መንገዱ አጠገብ?»

«አንቺ ደግሞ ድመት ባየሽ ቁጥር ነብር መጣ ትያለሽ!»

ለሌላ ሰው መናገር ፈራሁ። «ፀረ አብዮት ወሬ ነዛች» መባል ቤተሰብ ያስፈጅ ነበር። ለንስሐ አባታችን ግን ነገርኋቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ይህን ከእኔ ሌላ የሰማ አለ?»

«ወንድሜ ብቻ፣ አባ። እሱም ሳቀብኝ።»

«እንግዲያው ዝም በይ፣ ልጄ። ጸልዪ።»

ጾሙን በሙሉ ስሰግድ ጉልበቴ ተላጠ።

የገና ዕለት ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ሩሯን አዲሱ ሜዳ ላይ እንጣላት አለ። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ደጁ ላይ ቆሙ።

«ሩር ባርኬ የምጥለው ከሚካኤል ደጅ ነው። አባቶቻችን ካቆዩት አንወጣም።»

ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ዞር ብሎ አየ። «እሺ አባ፣ ከዚሁ ይጣሏት። የላይ ቤት እየመታ ይወስዳታል።»

ጨዋታው ተጀመረ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና ስድቡ ወረደ። «የላይ ቤት ዱላው ሸንበቆ!» «የታች ቤት የእንቁራሪት ዘመድ!» እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ በልቤ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ ግን ደጋግሜ ሳትሁት። የላይ ቤት እንደዚያ ቀን በርትቶ አያውቅም። ወንድሜ ሩሯን ከጎድጓዳው አውጥቶ ሽቅብ ገፋት። ሾላውን አሳለፋት። በሩ ቅርብ ነው። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ አጥር አጥሩን አያለሁ።

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ጮኸ። «ግፋ የላይ ቤት! ግፋ አንበሳዬ!»

ወንድሜ ዱላውን እንዳነሣ ቀረ። ሊቀመንበሩ የታች ቤት ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም የታች ቤት ናቸው። በእኛ አገር ሰው ሃይማኖቱን ቢለውጥ እንኳ የገና ቤቱን አይለውጥም። የታች ቤት ሰው ለላይ ቤት ሲያጨበጭብ ያየ የለም።

ወንድሜ ዞረ። በሙሉ ኃይሉ ቁልቁል መታት።

ሩሯ በተዳፋቱ እየነጠረች ወረደች። «ከዳን! ለታች ቤት ተሸጠ!» አሉ የእኛዎቹ። እሱ ግን እየሮጠ «ውረዱ! ወንድ የሆነ ወደ ጭቃው ይውረድ!» ይላል። የታች ቤቶች ሊያገቧት ተከተሉት፤ ከእኛም ግማሹ እሱን ለመደብደብ ወረደ። የጎረቤታችን ልጅ፣ የነፍስ ጓደኛው፣ ዱላውን ተደግፎ ከላይ ቀረ። «ለአንተ አገርህ ነው፣ አንተ የረግረግ ጎሽ! እዚያው ተንከባለል!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

መንገዱ ዳር ተደብቆ የቆመ ካሚዮን ሞተሩን ያስነሣው ያኔ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አሉ። ካሚዮኑ ተዳፋቱን ጥቂት ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ ተሰነቀረ፤ በእግር የወረዱትንም ከነቦት ጫማቸው ረግረጉ ያዛቸው። የእኛ ልጆች ረግረጉን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል፤ ከቄጠማ ጉብታ ወደ ጉብታ እየዘለሉ ተሰወሩ። ከላይ የቀሩት ተያዙ። የጎረቤታችንን ልጅ ዱላውን እንደያዘ ሲጭኑት አይቻለሁ።

ወንድሜ አንበሳሜ አካባቢ፣ በእናቴ ዘመዶች ዘንድ፣ ደርግ እስኪወድቅ ተሸሸገ። ያ ያዘነበለው ሜዳ ጥቅም ነበረው ወይ ብባል፣ ነበረው እላለሁ፤ ለወረደው። ይህን ግን በጎረቤታችን ፊት ተናግሬ አላውቅም። ልጇ አልተመለሰም።

ወንድሜ ወደ ቤት የገባ ዕለት እሷም መጣች። ሳመችው፤ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«ልጄ ካንተ ኋላ ነበር» አለችው። «ምነው ሳትጠራው?»

«ጠርቼው ነበር፣ እሜቴ» አላት። «የሰደብሁት መሰለው።»