ከጎሮ እስከ አትላስ አንድ ፊውዝ ይዤ

ጎሮ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

እሁድ ከምሳ በኋላ ጎሮ ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ማዳበሪያ ተሸክሜ ተነሳሁ። ዓላማዬ ሁለት ነበር። አንደኛው የልጄን የሮክ ባንድ ማየት፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ዓመት የቆየ ውሸቴን መናዘዝ። የመጀመሪያው ጆሮዬን አስፈርቶታል፤ ሁለተኛው የቀረውን ሰውነቴን።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ዘውዱ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ራዲዮ ስጠግን ኖርኩ። እንጀራዬ የሰው ራዲዮ እንዲጮህ ማድረግ ነው፤ እኔ አጠገብ ግን ማንም እንዲጮህ አልፈቅድም ነበር። ትንሿ ልጄ ማህሌት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ኤሌክትሪክ ጊታር መለማመድ ስትጀምር፣ በቀን አሥር ጊዜ «ቀንሱ!» እያልኩ ግድግዳውን በመዶሻ እደበድብ ነበር። አንድም ቀን አልቀነሱም።

አንድ ቀን ማህሌት የጊታሯን አምፕሊፋየር ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ከፈትኩት። አንድ ሽቦ ላልቷል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሽቦውን አጠበቅኩ። ከዚያ እጄ እኔን ሳያማክር ፊውዙን ነቀለና ኪሴ ከተተው።

«ተቃጥሏል» አልኳት።

በእኛ ሙያ ይህ የመጨረሻ ቃል ነው። ጠጋኝ «ተቃጥሏል» ካለ ደንበኛው ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል እንጂ አይከራከርም። ማህሌትም አልተከራከረችም። አምፕሊፋየሩ አልጋዬ ሥር ገባ፤ ከክብሪት እንጨት ግማሽ የማትበልጠው የመስታወት ፊውዝ ደግሞ ክብሪት ሣጥን ውስጥ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ አልበማችን ወጣ፤ ምርቃቱ ላይ ና!» እኔ የማውቀው አልበም ሰው ሲያገባ የሚነሳው፣ እንግዳ ሲመጣ ጭኑ ላይ የሚያስቀምጡለት ነው። «መቼ አገባሽ?» ብዬ ጮህኩባትና አኩርፌ ቀረሁ። የዘፈን አልበም መሆኑ ሲገባኝ ምርቃቱ አልፏል። ለሁለተኛው ስትጠራኝ ጉልበቴን አሞኛል አልኩ፤ የሚያመኝ ግን ክብሪት ሣጥኑ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው መልእክት መጣ። «አባዬ፣ እሁድ አሥር ሰዓት፣ አትላስ፣ ሦስተኛ አልበማችን ይመረቃል። ሁለቴ ጠርቼህ ቀርተሃል። ከዚህ በኋላ አልጠራህም።» አምፕሊፋየሩን ማዳበሪያ ውስጥ፣ ክብሪት ሣጥኑን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ደረጃው ላይ ወይዘሮ ለተብርሃን አገኘችኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእኔ ሥር ነው የምትኖረው። ዜና ስሰማ ራዲዮዬ ትንሽ ከፍ ካለ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደበድባለች። መዶሻዬን ማን እንደ ነገራት አላውቅም።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ጤፍ እየሸጡ ነው እንዴ?»

«ቤት እየለቀቅኩ ነው።»

«እውነት?» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ለመርሳት ጊዜ ይወስድብኛል። እሷን ሳበሽቅ መነጽሬን ጠረጴዛ ላይ መርሳቴ ትዝ ያለኝ ታች ከደረስኩ በኋላ ነው። አራት ፎቅ ተመልሶ የሚወጣ ጉልበት ስለሌለኝ ትቼው ሄድኩ።

ታክሲ ውስጥ

ከጎሮ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሃያ አምስት ብር ለእኔ፣ ሃያ አምስት ብር ለማዳበሪያው። ማዳበሪያው መስኮት በኩል የተሻለውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ በሩ አጠገብ በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ። ከፊት ለፊቴ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘች፣ ከቸርች የምትመለስ ሴት ነበረች።

«አባባ፣ ምንድነው የያዙት?»

«ኃጢአቴ ነው።»

«ጌታ ይርዳዎት! ይከብዳል?»

«አሥራ ሁለት ኪሎ።»

ሳቀች። ቦሌ ደርሰን ስወርድ ግን ማዳበሪያውን በአንድ ጫፍ ይዛ አወረደችልኝና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ቦሌ ሚካኤል፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

ማህሌትን አትላስ ሰው መሀል ከማገኛት፣ ሳትሄድ ሱቁ ውስጥ ልያዛት ብዬ ነበር። ከፊውዙ ወር ሳይሞላ እኔ ጎሮ ስገባ ሱቄን እሷ ተከራይታዋለች። በሩ ተቆልፏል። ከጎኑ ግን ጌቱ በያጁ እንደ ድሮው የብረት በር ተደግፎ ቆሟል።

«ጋሽ ዘውዱ! አሉ እንዴ? እኛ እኮ…»

«ጨርስ፤ እኛ እኮ ድንኳን ልንተክል ነበር በል።»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! ልጆቹ አሁን ነው የሄዱት። ግቡ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ገባሁና በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ራዲዮ የደረደርኩበት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን ለብሷል። መስኮቱ ላይ የተቸነከረውን ብርድ ልብስ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። ሌባ ወሰደው ብዬ የድሮ ጥበቃችንን ያኮረፍኩበት ብርድ ልብስ።

«ካርቶኑ ድምፅ ይይዛል» አለኝ ጌቱ። «የመጀመሪያውን አልበም እዚሁ ነው የቀዱት። እኔ ብረት ስቆርጥ መቅዳት ስለማይችሉ ምሳ ልበላ ስወጣ ጠብቀው ይቀዳሉ። አንድ ሰዓት በቀን፣ ስምንት ወር ሙሉ። ስሙንም ‹የምሳ ሰዓት› አሉት። አንድ ቀን ረስቼ ቶሎ ተመለስኩና ማሽኑን አስነሳሁ፤ አራተኛው ዘፈን ላይ ገባ። ላጥፋው ስላቸው እምቢ አሉ። እኔ አለሁበት እኮ!»

«አንተ?»

«ከተጠራጠሩ ይስሙት። ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ላይ።»

ሁለተኛው «መብራት የለም» ይባላል። መብራት እየሄደ ሲያስቸግራቸው ጌቱ የመኪና ባትሪ ተውሶላቸው በዚያው ቀዱት። ባትሪው ሲደክም ድምፁ አብሮ ይደክማል፤ የመጨረሻው ዘፈን እየሰለለ ሄዶ ጠፍቶ ይቀራል። ሰው ደግሞ ያንን ወደደው። እኔ ይህን ሁሉ የምሰማው ከበያጅ ነው። ጌቱ የልጄን አልበሞች በሰከንድ ያውቃል፤ እኔ ባንዷ ማን እንደሚባል እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ለእሱም «ልጆቹ» ናቸው፤ ለመጠየቅ አፈርኩ።

«ታዲያ ጊታሩን በምን ያጎሉታል?» አልኩ፣ ማዳበሪያዬን በእግሬ ወደ ኋላዬ እየገፋሁ።

«አምፕሊፋየሯ የተቃጠለ ጊዜ ያንን ትልቁን የእንጨት ራዲዮ አወረዱት። ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረውን። ጊታሩን እሱ ላይ ቀጠሉት። እስከ ዛሬ በሱ ናቸው።»

ያ ራዲዮ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ እምም የሚለውን ድምፁን ማጥፋት ያቃተኝ ራዲዮ ነው። አንገቴ ላይ ላብ ሲወርድ ተሰማኝ። ጌቱ ሙቀቱ መስሎት ውኃ ሰጠኝ፤ ከዚያም በስልኩ መኪና ጠራልኝ።

አትላስ፣ አሥር ሰዓት

ከቦሌ ሚካኤል እስከ አትላስ ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ከቤቴ ወለል ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ድሮ አንቴና የሰቀልኩባቸው ቤቶች አንድም የሉም። የማውቀውን ምልክት ስፈልግ ደረስን።

ቦታው የአንድ ሆቴል ጓሮ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል፤ መነጽሬ ጎሮ ስላለ ያየሁት ቀይ ነገር ብቻ ነው። መግቢያው አምስት መቶ ብር። ጥበቃው ማዳበሪያዬን ከፍቶ አየና «ከባንዱ ጋር ነዎት?» አለኝ።

«ከበሮ መቺው ነኝ።»

አየኝ፤ ከዘራዬንም አየ። ጥሩ ሰው ስለሆነ «ይግቡ» አለኝ።

አራት መቶ የሚሆን ወጣት ቆሟል። ጥቁር ልብስ፣ አፍንጫ ላይ ቀለበት፣ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ። ለኔ ወንበር ተፈልጎ መጣ። ማዳበሪያውን እግሬ ሥር አድርጌ እንደ ተቀመጥኩ ማህሌት ጊታሯን አንግታ ወጣች። ወዲያው ያ ሁሉ ሰው እጁን እያነሳ መጮህ ጀመረ።

«ቀንሱ! ቀንሱ! ቀንሱ!»

ልጄ ገና የጊታሩን ክር አልነካችም! ደሜ ፈላ። እንዴት እንደ ተነሳሁ አላውቅም፤ ከዘራዬን ወደ ላይ ይዤ ወንበር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ምን ቀንሱ ትላላችሁ! ገና መቼ ጀመሩ? ለምን ይቀንሳሉ? ተዉአቸው ይጫወቱ!»

በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የቆመች ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

«ፋዘር፣ ይውረዱ ይወድቃሉ። ስማቸው እኮ ነው።»

«የማን ስም?»

«የባንዱ! ቀንሱ ነው የሚባሉት።»

ክው አልኩ። ከወንበሩ ያወረዱኝ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ከላይ ማህሌት በማይክራፎን «ይቅርታ አድርጉልን፤ ስሙን ያወጣልን ሰውዬ ነው» አለች። ጓሮው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እያየችኝ ነበር።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። እምምምም። የእንጨቱ ራዲዮ! ከሰማሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በሕልሜም አውቀዋለሁ። ልማድ ክፉ ነው፤ ከዘራዬን ጥዬ በጎን በኩል ወደ መድረኩ ሄድኩ። አንዲት ጆሮ ማዳመጫ ያደረገች የድምፅ ባለሙያ ደረቴን በመዳፏ ይዛ አቆመችኝ።

«አባባ፣ አይንኩት!»

«ያጉረመርማል እኮ! ቁልፉን ዝቅ ካደረግሽው…»

«ዘፈኑ ነው! መግቢያው ነው!»

ዞር ስል አራት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ለማጥፋት የታገልኩትን ድምፅ አምስት አምስት መቶ ብር ከፍሎ።

ከሁለት ዘፈን በኋላ ማህሌት ማይክራፎኑን ያዘች። «የዛሬው አልበም ስሙ ‹ተቃጥሏል› ነው» አለች። «አባቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ልጅ ሆኜ የማይጠግነው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን አምፕሊፋየሬን ከፍቶ አየና ተቃጥሏል አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። አቃተኝ ለማለት አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለት። አባቴ ማርጀቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እንዳያፍር ብዬ ሁለተኛ አላነሳሁበትም።»

ማዳበሪያው እግሬ ሥር ነው። የዚያን ቀን ዕድሜዬን ቆጠርኩ። ስልሳ አራት ነበርኩ፤ አላረጀሁም፣ ዋሾ ነበርኩ።

ከመድረኩ ጀርባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሰው ሲበተን ሄድኩ። አምፕሊፋየሩን ከማዳበሪያው አወጣሁ፤ ክብሪት ሣጥኑን እጇ ላይ አደረግኩ። ከፈተችው።

«ምንድነው?»

«ፊውዝ ነው። አልተቃጠለም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ ውስጧ ያለችው ክር ደህና ናት። የራዲዮ ጠጋኝ ልጅ ስለሆነች ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«በዚህች?» አለች። ከዚያ ጮኸች። «ዘጠኝ ዓመት አዘንኩልህ እኮ! ያንን የሬሳ ሣጥን የሚያህል ራዲዮ በጀርባዬ እስከ ሐዋሳ ተሸክሜዋለሁ! አልበም ሙሉ ዘፈን ጻፍኩልህ!»

«ጻፊልኝ አላልኩሽም።»

«አባዬ፣ አትቀልድ!»

ለእኔ አለመቀለድ ከአሥራ ሁለት ኪሎ ይከብዳል። «በድዬሻለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «ስለ ጮኸብኝ ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ፊውዙን ቦታው ከተተችና ጊታሯን ቀጥላ አንዴ መታችው። የወጣው ድምፅ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። እውነተኛው ከበሮ መቺ ከኋላ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ማሂ፣ ምንድነው ይሄ? ለኛ አይሆንም፣ በጣም ንጹሕ ነው።»

ማህሌት ልትስቅ አልፈለገችም፤ ሳቁ ግን አፈተለከባት። ፊውዙን መልሳ ነቅላ ጃኬቷ ኪስ ከተተች።

«ተሸከመው» አለችኝ። «እስከ ጎሮ ድረስ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ፊውዙን ይዣለሁ።»

ጎሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል

አራቱንም ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁ፤ አንድ እርምጃ አልረዳችኝም፣ አንድ እርምጃም አልቀደመችኝም። ሠላሳ ዓመት ጆሮዬ ብልሽት ብቻ ሲፈልግ ኖሯል፤ ድምፅ ማለት እሱን ካወጡ በኋላ የሚቀረው ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ለማወቅ ከጎሮ እስከ አትላስ መሄድ ነበረብኝ፤ ቅርብ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ፈጀብኝ።

ማህሌት መነጽሬን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠችኝ። አምፕሊፋየሩን ሰካች። ፊውዙን ከኪሷ አውጥታ ትንሽ አየችኝና ለእኔ ዘረጋችልኝ። በነቀልኩበት እጅ መልሼ ሰካሁት።

«‹ተቃጥሏል›ን ላጫውትህ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሪ። ‹የምሳ ሰዓት›ን ንኪልኝ።»

ጀመረች። ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ መንቀጥቀጥ ያዙ። ጌቱ ገባሁበት ያለው ቦታ ላይ ሳንደርስ የመጥረጊያው እንጨት ከሥራችን ወለሉን ይደበድብ ጀመር፤ የወይዘሮ ለተብርሃን ድምፅ በመስኮት ወጣ።

«ኧረ ቀንሱ!»

መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን ወደ ታች ሰደድኩ።

«አዎ፣ እነሱ ናቸው! እንዴት አወቅሻቸው?»