ከታኅሣሥ ወይስ ከፋሲካ

ወደ መካነ ሰላም ከተማ የወጣሁት ለመታከም አልነበረም። የሆዴ ልጅ የባሌ መሆኑን ሐኪም እንዲመሰክርልኝ ነበር። አማቴም ተከትላኛለች፤ በጆሮዋ ካልሰማች አታምንምና።

በአገራችን የወር አበባ ያየች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከደጅ ተሳልማ ትመለሳለች። እኔ ከታኅሣሥ ወዲህ በየበዓሉ ሳላጓድል ስገባ አማቴ አይታለች። ባሌ ግን ሁመራ ለጉልበት ሥራ ሄዶ የመጣው ለፋሲካ ነው፤ ጥቂት ሰንብቶም ተመለሰ። ስለዚህ በታኅሣሥ ከሌላ አረገዘች አለች። ደሜ ለምን እንደቀረ እኔም አላውቅም ነበር።

መንገድ ላይ

ክረምቱ ያራሰው ጥቁር አፈር እግር ይይዛል። ባለቤቶቻቸው በረሃቡ የተሰደዱ ጎጆዎች በራቸው በእሾህ ተዘግቷል። ስንቄ እፍኝ የተቀቀለ ሽምብራ ነበር።

"ልጄ ሁመራ፣ ሆድሽ እዚህ! እንዴት ያለ ረጅም ክንድ ነው ያለው?" አለች አማቴ።

"ከፋሲካ ይቁጠሩ። ልጁ የተላወሰው ለፍልሰታ ነው።"

"አንቺ ለራስሽ ቁጠሪ።"

መካነ ሰላም

ከተማው ንጉሡ ወረዱ በሚል ወሬ ይናጣል። በክሊኒኩ እንደ ሐኪም የሚያክመው ድሬሰር ሆዴን ዳበሰ።

"እምብርትሽ ጋ ደርሷል፤ አምስት ወር ይሆናል" አለ።

ከፋሲካ ጋር ገጠመልኝ፤ ነፍሴ ተመለሰች።

"የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?"

"በታኅሣሥ።"

በጣቱ ቆጠረ። "እንግዲያው መውለጃሽ ይኸው መስከረም ነው። ልጁ በረሃብ ቀጭጮ ነው ያነሰው።"

"ሰማሽ?" አለች አማቴ።

ወረፋ የያዙ አንዲት ሙስሊም እናት ክንዴን ያዙኝ። "አብሽሪ፣ ልጄ! ረሃብ እኮ የሴትን ደም ያደርቃል። እኔስ ሳላረግዝ ስንት ወር ቀርቶብኛል!"

ድሬሰሩ "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ።

መልስ

አማቴ ቀድማኝ ገባች። ስደርስ የምተኛበት ቁርበት ደጅ ተጥሏል። አንስቼው ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም፣ ኅዳርም። አማቴ ብቅ አላለችም። ልጄ የተወለደው ለገና ነው፤ ከፋሲካ ዘጠነኛው ወር። ቀኑ ሞልቶ ነበር፤ ጡቴ ግን ባዶ። ጥምቀትን አላየም።

ያ መንገድ ያስተማረኝን ለሴቶች ሁሉ እናገራለሁ፦ በረሃብ ከቀረ ደም ተነሥታችሁ አትቁጠሩ፤ ባላችሁ ከመጣበት ቀንና ልጁ ከተላወሰበት ቁጠሩ። ለእኔ ግን ምን ይረባኛል?

አማቴ የመጣችው ለለቅሶ ነው። ደረቷን እየደቃች "የልጄ ልጅ! የልጄ ልጅ!" አለች። ሰው ሁሉ ቦታ ሲለቅላት እኔ አልተነሣሁም።